ዘጠነኛ ክፍል፦ ሃይስኩል መግባት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሃይስኩል የሚባለው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው። መግቢያው የ8ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናውን የሚያወጡት የየክልሉና የከተማ አስተዳደሮች ትምህርት ቢሮዎች ናቸው፤ ሰው ግን ዛሬም «ሚኒስትሪ» ነው የሚለው። ፈተናውን ያለፈ ልጅ ክረምት ላይ ተመዝግቦ መስከረም ይጀምራል።

ከትምህርት ቤቶቹ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተከተለ። የመጀመሪያው ሃይስኩል ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው ይባላል። ምኒልክ የተማረ ሰው ፊት ግን ይህን መናገር ነገር መፈለግ ነው።

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታትም በደርግም ዘመን አደረጃጀቱ 6-2-4 ነበር፦ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለውን አንደኛ ደረጃ አደረገው። 9ኛና 10ኛ ለብቻ ሆኑ፤ 11ኛና 12ኛ ደግሞ «መሰናዶ» ተባሉ። 10ኛ ላይ ሀገር አቀፍ ፈተና ነበር። አሁን ያ ፈተና ቀርቷል፤ እኛም ዞረን 6-2-4 ላይ ገብተናል።

አዲስ ገቢውን መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ቋንቋው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከቋንቋ ትምህርቶች በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 7ኛና 8ኛም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የከተማው ልጅ ትንሽ ይቀለዋል። ሳይንስን በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ ግን የሚያውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ ይማራል። «ሕዋስ» ሴል ይሆንበታል፣ «እፍግታ» ዴንሲቲ፣ «ብርሃን አስተፃምሮ» ፎቶሲንተሲስ። ትምህርቱ ጠፍቶት ሳይሆን ስሙ ተቀይሮበት ዝም ይላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ እስከ 8ኛ መማር ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። በእኔ አስተያየት የሚጎዳው ድንገት መቀየሩ ነው።

ስለ ሃይስኩል ከተነሳ ፕላዝማን መዝለል አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሳተላይት ቴሌቪዥን ማስተማር ተጀመረ። ፕሮግራሞቹ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን ይቆለፍበት ነበር። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ መግቢያ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ፕላዝማው ይናገራል፤ የተረፈችው ደቂቃ ተመልሳ የመምህሩ ነበረች። ማቆም የለም፣ ወደኋላ መመለስ የለም፤ ስርጭቱ ለሀገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ነበርና። የፕላዝማዋ መምህርት ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች። ከዚያ ማንም ትንፍሽ ሳይል «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ። ብዙ ሰው ፕላዝማን ያማርራል፣ እውነትም አለው። ነገር ግን ቤተ ሙከራ በሌለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይናችን ያየነው በእሱ ነው። ይህም ይመዝገብለት።

በገጠር ነገሩ ሌላ ነው። ሃይስኩሉ ያለው ብዙ ጊዜ ወረዳው ከተማ ላይ ነው። ሦስት አራት ልጆች ተባብረው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሑድ ማታ ስንቅ ይዞ መመለስ። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ። ሳምንቱ ሳያልቅ ስንቁ ያልቃል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ጠዋት ሰልፍና ባንዲራ አለ። በረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ግጥምና ማስታወቂያ ያሰማል፤ ክለብ መግባት ለፈለገ ልጅ ጥሩ መነሻ ነው። መምህሩ በየክፍለ ጊዜው ይቀያየራል። ተጠሪው የክፍል ኃላፊ መምህር ሲሆን የዩኒፎርምና የማርፈድ ጣጣ ዩኒት ሊደሩ ጋ ያደርሳል። ፎርፌ የለመደ ልጅ ወላጅ አምጣ መባሉ አይቀርም።

ዘጠነኛን «ገና ነው» ብሎ ማሳለፍ የተለመደ ስህተት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ9ኛ ጀምሮ ያለውን ትምህርት ይጠይቃል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠበት በ2015 መጀመሪያ ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሰሚስተር ካርድ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ይሰጣል። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ እየወጡ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ይገናኛሉና ስምንተኛ ላይ አንደኛ የነበረው አሥራ ስምንተኛ ሊወጣ ይችላል። ካርዱን ብዙ ጊዜ ፈርሞ የሚወስደው ወላጅ ነው።