ጣና ላይ የተገደሉት ንጉሥ፦ ስለ አድያም ሰገድ ኢያሱ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው የጣናን ታሪክ መስማቱ አይቀርም። ጀልባ ነጂው ያወራል፣ አስጎብኚው ያወራል፣ አጠገብህ የተቀመጠውም ይጨምርበታል። ደስ ይላል። ስለ አንድ ሞት የሚወራው ግን በጣም ስለተዛባ ዝም ማለት አቃተኝ።

አጼ ኢያሱ፣ በንግሥ ስማቸው አድያም ሰገድ፣ በጥቅምት 1699 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1706) ጣና ውስጥ ጨቅላ መንዞ በምትባል ደሴት ላይ ተገደሉ። 24 ዓመት የገዙ፣ ታላቁ ኢያሱ የሚባሉ ንጉሥ ናቸው።

መጀመሪያ ቀላሉን ላንሳ። «ልጅ ኢያሱ ናቸው አይደል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው፣ በእስር ቆይተው በ1928 ዓ.ም. ነው የሞቱት። በሁለቱ ሞት መካከል ከ200 ዓመት በላይ አለ።

«ንጉሡ ዙፋን በቃኝ ብለው መንነው ነበር።» ከሁሉ የሚከፋኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ሴራው ራሱ የተጠነሰሰው በዚህ ቃል ነው። ኢያሱ አብዝተው የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ የምትባል እቁባት ነበረቻቸው። እሷ ስትሞት ሐዘን ሰበራቸው። ከቤተ መንግሥት ርቀው ጣና ደሴት ገብተው ተቀመጡ። ሐዘን የጎዳው ሰው ከሰው ቢርቅ በእኛ አገር ምን ይገርማል? ጎንደር የቀሩት ግን ሐዘኑን ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት። ከእቴጌ መለኮታዊት ጋር ያበሩ ባለሥልጣናት የአጼ ካሌብን ታሪክ አነሱ። ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን የገዙ፣ በመጨረሻ ዘውዳቸውን ትተው ገዳም ገቡ የሚባሉ ንጉሥ ናቸው። ኢያሱም እንደ ካሌብ መንነዋል፣ ስለዚህ ዙፋኑ ባዶ ነው አሉ። በዚህ ክርክር የመለኮታዊት ልጅ ተክለ ሃይማኖት አባታቸው በሕይወት እያሉ ነገሡ።

ካሌብ ዙፋናቸውን የተዉት ራሳቸው ወስነው ነው። ኢያሱ ግን የልጃቸውን መንገሥ ሲሰሙ ጦር አስከትተው በጎጃም በኩል ወደ ጎንደር ተነሱ። የመነነ ሰው ጦር ይመራል እንዴ? መንገድ ላይ ትኩሳት ጣላቸው እንጂ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ታመው ወደ ጨቅላ መንዞ ገቡ።

እዚህ ላይ «ከልጃቸው ጋር ሲዋጉ ወደቁ» የሚለው ወሬ ይመጣል። ጦርነት ላይ አልወደቁም። የመለኮታዊት ወንድሞች ደሴቷ ድረስ መጥተው፣ በሕመም የደከሙትን ሰው ተኩሰውና ወግተው ገደሏቸው። ደሴት ላይ ያለ ታንኳ አይደረስም። ሰው አስቦበት፣ ተሻግሮ፣ ቆርጦ የፈጸመው ነው፤ በድንገተኛ ንዴት የሆነ አይደለም። ይሄን ሳስብ ውኃውን ማየት ይከብደኛል።

«ፈረንጅ ነው ያስገደላቸው» የሚሉም አሉ። መነሻው ይገባኛል። ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1692 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር መጥቶ ንጉሡን አክሟል። ከዚያ የፈረንሳይ መንግሥት ዱ ሩል የሚባል መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ግን ጎንደር ሳይደርስ በዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ባለችው ስናር ላይ ተገደለ፤ ያም ከኢያሱ ሞት በፊት ነው። የጨቅላ መንዞው ደም ከገዛ ቤታቸው የወጣ ነው።

«ገዳዩ ሳይታወቅ ቀረ» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። ለሁለት ዓመት ያህል ማን ይጠይቅ? ዳኛ መሆን የነበረበት ንጉሥ በግድያው የተጠቀመው ሰው ነው። በማን ላይ ለማን አቤት ይባላል? ሕዝቡ ግን አወቀ። ለተክለ ሃይማኖት የወጣላቸው ስም ርጉም የሚል ነው፤ እስከ ዛሬም ርጉም ተክለ ሃይማኖት ይባላሉ። እሳቸውም በ1700 ዓ.ም. ተወግተው ተገደሉ። ቀጥለው የነገሡት የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነገሩን አላለፉትም። መለኮታዊትንና ወንድሞቻቸውን በሞት ቀጡ። ስለዚህ ምሥጢር የለውም፤ ገዳዮቹም አስገዳዮቹም የታወቁ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ጎጃም ውስጥ ስሙ ያሳስታል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ አድዋ የዘመቱት፣ በ1873 ዓ.ም. የነገሡ ሌላ ሰው ናቸው። ርጉም የሚለው ቅጽል እሳቸውን አይመለከትም። ይሄን ቀላቅሎ የሚያወራ ሰው ስሰማ ሁሌም አቋርጬ አርማለሁ።

«ዘመነ መሳፍንት የጀመረው በዚህ ግድያ ነው» የሚለው ይቸኩላል። ዘመነ መሳፍንት ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል አጼ ኢዮአስን ካስገደሉበት ከ1761 ዓ.ም. ነው። ከጨቅላ መንዞ 60 ዓመት በላይ ይርቃል። በመካከሉ የኢያሱ ልጅ አጼ በካፋ አሉ፣ ሚስታቸው እቴጌ ምንትዋብ አሉ፣ ጎንደር ገና ታምራለች። ግን ንጉሥ መግደል ያኔ እንደ ተለመደ እቀበላለሁ። የኢያሱ ልጅ ዳዊት በመርዝ ሞቱ። ሚካኤል ስሑል ኢዮአስን አስገድለው ያነገሧቸው ሽማግሌ ዮሐንስም የኢያሱ ልጅ ናቸው፤ እሳቸውም ከወራት በኋላ በመርዝ ሞቱ። ከአንድ አባት አራት ልጆች ነገሡና ሦስቱ በሰው እጅ አለቁ፤ አባትየውም እንዲሁ። ከነገሡት ልጆች በሰው እጅ ያልሞቱት በካፋ ብቻ ናቸው።

የመጨረሻው የመቃብሩ ጉዳይ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ዐፅም የሚታይበት ገዳም ስለሆነ ጎብኚው ሁሉ ኢያሱም እዚያ ያሉ ይመስለዋል። ዳጋ ያሉት አያታቸው አጼ ፋሲል ናቸው። ኢያሱ የተቀበሩት በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ምጥራሃ ደሴት ላይ ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሐይቅ፣ በሁለት ደሴት አርፈዋል።