ብሎግ ምንድን ነው? ለመምህርስ ምን ይፈይዳል?

ባለፈው ሰኔ፣ ፈተና ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የሒሳብ መምህር ጓደኛዬ አራዳ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን ወደ ላይ እየጎተተ አገኘሁት። የሚፈልገው አምና ለተማሪዎቹ በቴሌግራም የላከውን የክፍልፋይ ማብራሪያ ነው። እንጀራ እየቆረሰ ያስረዳበት፣ ልጆቹ የወደዱለት ጽሑፍ ነበር። የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ አለፈ። የስብሰባ ጥሪ አለፈ። የለቅሶ መልእክት አለፈ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ጽሑፉ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ደብተር አወጣና እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ።

ብሎግ ምንድን ነው ተብዬ ስጠየቅ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ብሎግ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በየጊዜው እየጻፉ የሚያኖሩበት ድረ ገጽ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ከላይ ይቀመጣል፣ የቆየው ወደ ታች ይወርዳል። ቢወርድም አይጠፋም። እያንዳንዱ ጽሑፍ፣ ፖስት የምንለው፣ ርዕስ አለው፣ ቀን አለው፣ የራሱ አድራሻም አለው። ዋናው ነገር ይህ አድራሻ ነው። አድራሻውን የያዘ ተማሪ ዛሬም ቢመጣ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ቢመጣ፣ ጽሑፉ እስካልተነሣ ድረስ እዚያው ገጽ ላይ ይደርሳል።

ቃሉ የመጣው «ዌብሎግ» ከሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ ነው ቃሉን ያወጣው። «ሎግ» የመርከብ ካፒቴን የዕለት ውሎውን የሚመዘግብበት መዝገብ ነው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ የሚባል ሌላ ሰው ቃሉን ለሁለት ከፈለውና «ብሎግ» ብቻውን ቀረ። እኛም እንዳለ ወሰድነው።

ጎንደር ላደገ ሰው ልዩነቱን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቀሃ ወንዝ ይፈሳል። ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይቀጥናል፣ ብቻ ያልፋል። የፋሲል መዋኛ ደግሞ ከዚያው ከቀሃ ተስቦ የገባውን ውሃ ይይዛል። ጥምቀት ሲደርስ ውሃው የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ለእኔ ቴሌግራም ቀሃ ነው፣ ብሎግ መዋኛው ነው።

ይህን ስል ቴሌግራምን ተዉት ማለቴ አይደለም። ተማሪው ያለው እዚያ ነው፣ ወላጁም እዚያ ነው። ጽሑፉን ብሎጉ ላይ አስቀምጦ ሊንኩን ቡድኑ ውስጥ መልቀቅ ነው። ሊንኩ በመልእክት ብዛት ቢዋጥ እንኳ ጽሑፉ ቦታው አለ። ደግሞ ማንም ሰው ጉግል ላይ ፈልጎ ሊደርስበት ይችላል። የግል ቡድን ውስጥ የተላከ መልእክት ግን የቡድኑ አባል ላልሆነ ሰው እንዳልተጻፈ ነው። ደባርቅ ወይም መተማ ያለ፣ ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር መምህር አያየውም። ይህ ይቆጨኛል። በየትምህርት ቤታችን ስንት ጥሩ ማብራሪያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በዳስተር ይጠፋል!

የት ይከፈታል? ጀማሪ ከሆናችሁ ብዙ አታማርጡ። ሁለቱ ስመ ጥር መሣሪያዎች ብሎገርና ዎርድፕረስ ናቸው። ብሎገር እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሲሆን ጉግል በ2003 ገዝቶታል። ክፍያ የለውም፣ የሚፈልገው የጂሜይል አካውንት ብቻ ነው። አድራሻው መጨረሻ ላይ «ብሎግስፖት ዶት ኮም» የሚል ይጨመርበታል፣ ለመምህር ምንም አያጎድልበትም። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ብዙ ነገር ይሠራል። ሁለት ዓይነት መሆኑ ግን ጀማሪን ያደናግራል። አንደኛው እንደ ብሎገር ገብተው የሚከፍቱት ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙን በነፃ ወስደው ራስዎ በሚከራዩት ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹን በሚያኖር ኮምፒውተር፣ ላይ የሚጭኑት ነው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ኪራዩና የድረ ገጹ ስም ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ በዶላር ነው የሚጠየቀው። በመምህር ደሞዝ፣ ያውም የውጭ አገር ክፍያ በሚቀበል ካርድ፣ ይህን በየዓመቱ ማሳደድ አድካሚ ነው። የእኔ ምክር ብሎገር ነው። ሃምሳ ጽሑፍ ከጻፋችሁ በኋላ ቢጠባችሁ ያኔ ትዛወራላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ልቆይ፤ ፊደሉ ላይ።

አብዛኞቻችን ላፕቶፕ ላይ የቆየ ኖት አለን። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገላበጥ የኖረ። ያንን ኮፒ አድርጋችሁ ብሎጉ ላይ ስትለጥፉት የሚወጣው አማርኛ አይደለም። የላቲን ፊደል፣ ነጥብ፣ ሰረዝና የማይነበብ ምልክት ተደባልቆ ይመጣል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የድሮዎቹ ፎንቶች የ«ሀ»ን መልክ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲነሣ ሥሩ ያለው ይገለጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተተየበ ጽሑፍ ዛሬ አብዛኛው ስማርት ስልክ ላይ ይነበባል፣ ጉግልም ያገኘዋል። ስለዚህ አዲሱን በስልካችሁ የአማርኛ ኪቦርድ ተይቡት፤ ጂቦርድ በሚባለው የጉግል ኪቦርድ ላይ አማርኛን መምረጥ ይቻላል። የድሮውን ግን ቁጭ ብሎ እንደገና መተየብ ነው። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ። እኔ አርባ ገጽ ያህል እንደገና ተይቤያለሁ። ግን አንዴ ከተተየበ ሁለተኛ አያስቸግርም።

ሁለተኛው የፊደል ጣጣ ሞክሼዎቹ ናቸው። «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለብሎጉ ሁለት ናቸው። ጽሑፎቻችሁን በየትምህርቱ የምትለዩበት ሌብል የሚባል ነገር አለ። አንድ ቀን በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላ ቀን በሃሌታው «ሀ» ከጻፋችሁ ሁለት የተለያየ መደርደሪያ ይከፈታል፣ ተማሪው ግማሹን ብቻ ያገኛል። አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ። ርዕስ ስትጽፉ ደግሞ ተማሪው እንዴት ብሎ እንደሚፈልግ አስቡ። ትክክለኛው አጻጻፍ «ፀሐይ» ቢሆንም ልጁ «ጸሀይ» ብሎ ሊተይብ ይችላል። ርዕሱን በትክክል ጽፋችሁ ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ብታስገቡት ነውር የለውም።

ሌላም አለ፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ብሎገር የጽሑፉን አድራሻ ከርዕሱ ነው የሚሠራው። ርዕሱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ግን አያነበውም፣ «ብሎግ ፖስት» የሚል ቃል ሰጥቶ አንዳንዴ ቁጥር ያክልበታል። አሥር ጽሑፍ ካላችሁ አሥሩም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ፐብሊሽ ከማለታችሁ በፊት በቀኝ በኩል «ፐርማሊንክ» የሚለውን ክፈቱና በላቲን ፊደል አጭር ስም ስጡት። ተማሪው ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሊጽፈው የሚችል ይሁን። እቤት ስልክ የሌለው ልጅ የጎረቤት ስልክ ላይ የሚከፍተው ከደብተሩ እያየ ነው።

ምን ይጻፍ? አንድ ፖስት፣ አንድ ጥያቄ። ምዕራፉን በሙሉ መገልበጥ መጽሐፉን መድገም ነው፣ መጽሐፉ ደግሞ የራሱ ባለቤት አለው። መጻፍ ያለበት መጽሐፉ ያላለው፣ እናንተ ክፍል ውስጥ ያያችሁት ነው።

የጓደኛዬን እንጀራ ልንገራችሁ። ልጆቹ ½ እና ⅓ ሲደምሩ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ይደምሩና ⅖ ይላሉ። ስንት ጊዜ «የወል ታህት ፈልጉ» ቢላቸው አልያዝ አላቸው። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጠየቃቸው፦ «ግማሽ እንጀራ አለኝ። ሲሶ ጨመራችሁልኝ። እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» እውነትም ⅖ ከግማሽ ያንሳል። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እንጀራ ሣለና ለስድስት ቆረሰው። ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ፣ ባንድ ላይ ከስድስቱ አምስት። «ሲሶ» የሚለውን ቃል ከአያቱ የሰማ አንድ ልጅ ለሌሎቹ አስረዳላቸው። ይህ አንድ ገጽ አይሞላም፤ የተሟላ ፖስት ግን ነው። ርዕሱ ራሱ ጥያቄው ነው፦ «ግማሽ ላይ ሲሶ ሲጨመር እንዴት ያንሳል?»

ስለ ፎቶ አጭር ነገር ልበል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ብዙ ጊዜ በርካታ ሜጋባይት ይሆናል፣ የተማሪውን ፓኬጅ ይበላል። መጠኑን ቀንሱት፤ ለራሳችሁ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ልካችሁ መልሳችሁ ብታወርዱት እንኳ ይቀላል። የልጆች ፊትና ስም ግን አይውጣ። የፈተና ውጤትም አይለጠፍ። የአንዱ ልጅ ስሕተት ለትምህርት ከሆነ «አንድ ተማሪ» ማለት በቂ ነው። ኮሜንት ሳታዩት እንዳይወጣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ አድርጉት። ልጆች የሚያነቡት ገጽ ነው።

መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ኔትወርክም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መጻፍ ያላቋረጡት ጽሑፋቸውን መጀመሪያ ስልካቸው ኖት ላይ የሚጽፉት ናቸው። እናንተም ኖት ላይ ጻፉ፣ ኔት ሲመጣ ለጥፉ። ብሎገር ሴቲንግ ውስጥ ሁሉንም ጽሑፍ ባንድ ፋይል የሚያወርድ «ባክአፕ» አለ። በወሩ መጨረሻ ወደ ፍላሽ አውርዱት። እኔ የመጀመሪያ ብሎጌን ያጣሁት ኢንተርኔት ቤት ቸኩዬ በከፈትኩት ኢሜይል ስለነበር ነው። የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ፣ የመለሰልኝም የለም። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ የምትጠቀሙበትን የራሳችሁን ጂሜይል ያዙ፣ ስልክ ቁጥራችሁን አስመዝግቡበት፣ ቁጥር ስትቀይሩ እዚያም ቀይሩ።

ጓደኛዬ ያን ቀን ደብተር ላይ የጀመረውን ማታ ስልኩ ላይ ጨረሰው። ብሎጉን አብረን ከፈትን፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ሊንኩን ለክፍሉ ላከ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «መምህር፣ ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶውን ብንበላስ ስንት ይቀራል?» ጓደኛዬ ወዲያው «አንድ ቁራሽ» ብሎ ሊመልስ ነበር። ከዚያ ቆም አለ። ሲሶው የሙሉው እንጀራ ከሆነ ከሦስቱ ቁራሽ ሁለቱ ተበልተው አንድ ይቀራል። የግማሹ ሲሶ ከሆነ ግን የሚበላው አንድ ብቻ ነው፣ ሁለት ይቀራል። ጥያቄዋን እንዳለ ወሰደና የሁለተኛው ፖስት ርዕስ አደረገው።