ካይሃን ምንድን ነው?

ካይሃን በቴህራን በፋርስ ቋንቋ የሚታተም ወግ አጥባቂ ዕለታዊ ጋዜጣ ነው፤ ስሙም «ጽንፈ ዓለም» ማለት ነው። ስለ ኢራን ፖለቲካ በተወራ ቁጥር የሚጠቀሰው በአንባቢው ብዛት ሳይሆን፣ ኃላፊው በማን እጅ እንደሚሾም ስለሚታወቅ ነው።

ጋዜጣው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በንጉሡ በሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ ዘመን ነው። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ በአዲሱ ሥርዓት እጅ ሲገባ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ሙስጠፋ መስባህዛዴ በስደት ሆነው በ1984 ለንደን ላይ ሌላ ካይሃን አቋቋሙ። የለንደኑ የስደተኛ ተቃዋሚዎች ድምፅ ስለሆነ፣ የአንዱን ቃል ለሌላው መስጠት ነገሩን ጨርሶ መገልበጥ ነው።

የቴህራኑ ካይሃን ተጠሪነቱ ሕዝብ ለሚመርጠው ፕሬዚዳንት ሳይሆን ለአገሪቱ ከፍተኛ መሪ ነው፤ ኃላፊውም በጋዜጣው ውስጥ የመሪው ወኪል ይባላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ወንበር የያዙት መሐመድ ኻታሚ ነበሩ። ኻታሚ በ1997 በለውጥ አራማጅነት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ እሳቸው ራሳቸው የመሩት ጋዜጣ በ1993 በከፍተኛው መሪ በአሊ ኻሜኒ በተሾሙት በሆሴን ሻሪያትማዳሪ እጅ ነበርና የለውጡን ወገን አምርሮ ተዋጋው። «የተሰወረው ግማሽ» በሚል ዓምዱ ደራሲያንንና ምሁራንን የባዕድ መሣሪያ እያለ በስም ከስሷል። ክስ በሚመሠረትበትና ሰው በሚታሰርበት አገር እንዲህ ያለው ጽሑፍ ተራ ትችት ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ስሙ የተነሣበት ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን እየፈራ ያድራል።

ይህ ማለት ግን ካይሃን የጻፈው ሁሉ የመንግሥት ውሳኔ ነው ማለት አይደለም። በ2007 ሻሪያትማዳሪ ባሕሬን የኢራን ግዛት ናት ብለው በመጻፋቸው በባሕሬን ዋና ከተማ ማናማ ላይ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ የኢራን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማኑቸህር ሞታኪም ነገሩን ለማብረድ ወደዚያው ተጓዙ። በኅዳር 2017 ደግሞ ኢራን የምትደግፋቸው የየመን ታጣቂዎች ሁቲዎች ወደ ሳዑዲ ዋና ከተማ ሪያድ ሚሳይል ከተኮሱ በኋላ፣ ካይሃን በፊት ገጹ ቀጣዩ ዒላማ ዱባይ ነው ብሎ አወጣ። ብሔራዊ ጥቅምን የሚጎዳ ተብሎ ለሁለት ቀን ከኅትመት ታገደ፤ ከእገዳው በኋላ ግን ያው ጋዜጣ፣ በዚያው ኃላፊ መሪነት ሥራውን ቀጠለ።