ነጎድጓድ እንቁላል አያበላሽም

«ነጎድጓድ መታብኝና እንቁላሉ ሁሉ ተበላሸ።» ይህን የማልሰማበት ክረምት የለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው በደሴና በዙሪያዋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ አስታቅፎ ጫጩት ያላገኘ ሰው ይመጣል። ገና ምን እንደገጠመው ሳልጠይቅ ምክንያቱን ይነግረኛል። አንዱ ነጎድጓድ ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። በዚህ እምነት የተነሳ ትክክለኛው ጥፋት ሳይታረም ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና እንቁላል ይባክናል።

ለነጎድጓዱ መከላከያ ተብሎ ሚስማር ወይም ከሰል ከጭዱ ሥር ይደረጋል። ቦሩ ሜዳ አካባቢ አንዲት እናት እንዲሁ አድርገው ነበር። 21 ቀኑ አለፈ፤ ጫጩት የለም። እንቁላሎቹን አብረን እየሰበርን አየናቸው። አብዛኞቹ ውስጥ የሽል ምልክት እንኳ አልነበረም። ጥቂቶቹ ላይ ቀጭን የደም ቀለበት ይታያል። ይህ ቀለበት ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሞቱን ነው የሚያሳየው።

«እማማ፣ እንቁላሉን ከማስታቀፍዎ በፊት የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«በማሰሮ ነዋ ልጄ፣ ምድጃው አጠገብ። ዶሮዋ እስክትታቀፍ ወር ሙሉ አጠራቀምኩት።»

መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ለማስታቀፍ የሚሆን እንቁላል ከተጣለ ከ7 ቀን ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። የምድጃው ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እሳቱ ሲነድ ሽሉ ማደግ ይጀምራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይቆማል። በማግስቱ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ሲጀምርና ሲያቆም ይዳከምና ይሞታል። እኚህ እናት ዶሮዋን ሲያስታቅፉ አብዛኛው እንቁላል ተስፋ አልነበረውም። ነጎድጓዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በክረምት የሚበላሸው እንቁላል ይበዛል የሚለው ትዝብት ግን ትክክል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎጆው ይረጥባል፣ ብርዱም ይጠናል። እህል ከጎተራ የሚያልቅበት ወቅት ስለሆነ ለዶሮዋ የሚደርሳት ጥሬ ያንሳል። የራባት ዶሮ ምግብ ፍለጋ ወጥታ ትቆያለች። በደጋ ብርድ እንቁላሉ ለረጅም ሰዓት ከተገለጠ ሽሉ አይተርፍም። ስለዚህ ስለ ሚስማሩ ከማሰብ ይልቅ እህልና ንጹሕ ውሃ ከጎኗ አስቀምጡላት። ጎጆዋ ፍሳሽ የማያገኘው ቦታ ይሁን። ጭዱ ደረቅ ይሁን። ቅማልና ቁንጫ ያስጨነቃት ዶሮም እንቁላሉን ጥላ ትነሳለች። ከማስታቀፋችሁ በፊት ላባዋን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

እንቁላሉን በተጣለበት ዕለት አንሱት። ቀዝቀዝ ባለ ጓዳ፣ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ አይደለም። አትጠቡት፤ ቅርፊቱ ላይ ጀርም የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ። በጣም የቆሸሸውን ለምግብ ተዉት።

ከነጎድጓዱ ሌላ የምሰማቸውም አሉ። «ከገበያ ትኩሱን መርጬ ነው የገዛሁት።» ትኩስ መሆኑ በዓይን አይታይም። የባቲን ሰኞ ገበያ አስቡት። ነጋዴው ከየቤቱ ሲሰበስብ ሰንብቷል። በባቲ ሙቀት ፀሐይ ላይ ውሏል። ከዚያ በመኪና ተንገጫግጮ ደሴ ይደርሳል። ከጎረቤት መግዛት በጣም ይሻላል፤ ዶሮዋንም አውራውንም ታውቋቸዋላችሁ። የግድ ከሩቅ ካመጣችሁት፣ ከማስታቀፋችሁ በፊት አንድ ቀን አሳርፉት።

«የፈረንጅ እንቁላል አስታቅፌ የፈረንጅ ዶሮ አወጣለሁ።» ከሱቅ የተገዛ ከሆነ አይወጣም። የሚበላ እንቁላል የሚያመርቱ እርባታዎች አውራ አያስገቡም፤ ስለዚህ እንቁላሉ አልዳበረም። ቦቫንስ ወይም ሎማን የሚባለውን የፈረንጅ ዝርያ ዶሮ ገዝታችሁም ትታቀፋለች ብላችሁ አትጠብቁ። ብዙ እንድትጥል ተመርጣ የተራባች ናት፤ የማቀፍ ጠባይዋ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ለማቀፍ የሀበሻ ዶሮን የሚያህል የለም።

«አውራ ከሌለ ዶሮ አትጥልም።» ትጥላለች፤ ጫጩት አይሆንም እንጂ።

«ቁጥሩ ጎዶሎ ካልሆነ አይፈለፈልም።» ቁጥሩን የምትወስነው ዶሮዋ ናት። ክንፏ መሸፈን እስከቻለ ነው፤ ለሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃታል።

«ረዘም ያለው አውራ፣ ክብ ያለው ሴት ይወጣዋል።» በቅርፅ የሚታወቅ ፆታ የለም። ጫጩቷ ሴት ወይም ወንድ የምትሆነው ከእናቲቱ በምትወርሰው ክሮሞዞም ነው። ያ የሚወሰነው ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። ረዘም ያለውን ሁሉ ለይተው የሚበሉ ሰዎች አውቃለሁ። የሚቆረቁረኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ጥሩ ጥሩ እንቁላል፣ ሴት ጫጩት ሊሆን የሚችል፣ በቅርፁ ምክንያት ብቻ ይባክናል።

«የታቀፈ እንቁላል አይነካም።» በጥንቃቄ ይነካል፤ መታየትም አለበት። በ7ኛው ቀን ማታ ጨለማ ውስጥ የስልካችሁን መብራት ከሰፊው ጫፍ በኩል አስጠጉ። ሽል ካለ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ታያላችሁ። ጥርት ያለው አልዳበረም፤ አውጡት። የዓመት ግምት የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው፤ አውራው እየሠራ መሆን አለመሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

«ማሽን ከዶሮ ይሻላል።» ብዙ እንቁላል ለሚያስፈለፍል አዎ። ለጀማሪ ግን አልመክርም። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ መቆየት አለበት። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ መገልበጥ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋስ? ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በከፍታ ላይ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ እንቁላሉም ውሃውን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ ላይ የተሳካለት ዘመድ አሠራር እንዳለ ወደ ደሴ ሲመጣ ላይሠራ ይችላል።

«ጫጩቷ ቅርፊቱን ስትበሳ እርዷት።» እባካችሁ ተዉ። ከበሳችው ቀዳዳ እስክትወጣ እስከ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሰዓት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ እያስገባች ነው፤ የደም ሥሮቹም ገና አልደረቁም። ቅርፊቱን ስትልጡ ትደማለች። የሚቸኩል ነገር የለም። ያ አስኳል ከወጣች በኋላ እንኳ እስከ 48 ሰዓት ያለ ምግብ ያቆያታል።

እናት የሌላቸው ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። ሙቀት ብላችሁ ግን በተዘጋ ክፍል ከሰል አታቀጣጥሉ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ ጫጩቱንም እናንተንም።

የመጨረሻው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። «ነፋስ ያመጣዋል፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያድነዋል።» ፈንግል ቫይረስ ነው። በዋናነት የሚገባው ከገበያ በተገዛ ዶሮ፣ በጫማ፣ በየሜዳው በተጣለ በድን ነው። ቫይረስ ስለሆነ ከፋርማሲ የሚገዛው የባክቴሪያ መድኃኒት፣ ቴትራሳይክሊንም አይፈውሰውም። መከላከያው ክትባት ነው፤ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። የመጀመሪያው በዓይን ጠብታ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጣል። ቀጣዩን ቀን ባለሙያው ይነግራችኋል። አዲስ የተገዛ ዶሮም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

«ለአሥር ጫጩት ብዬ ክትባት?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ አይቀመጥም። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ገንዘቡን አዋጡና ቀኑን አንድ አድርጉት። አብሽሩ፣ ባለሙያው አንዴ ከመጣ የመንደሩን ዶሮ በአንድ ጠዋት ከትቦ ይጨርሳል።