ስንፍና ነው ወይስ ሰፈሩ?

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። "ታዲያ አንተ ምን ጂም ያስፈልግሃል?" ይሉኛል። ስለ ከተማ ኑሮና ስለ ጤና እንዲህ ሲወራ የምንሰማው ብዙው ነገር ወይ ግማሹ ብቻ እውነት ነው ወይ ጭራሽ ስህተት ነው።

"የከተማ ሰው አይንቀሳቀስም"

የትኛው የከተማ ሰው? አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ አይቶ "በእግሬ ልቁረጠው" የሚለውን ሰው ቁጠሩት እስቲ። እግሩ የሚጠፋው መኪና የገዛ ሰው ነው፤ ዳቦ ቤትም ሳይቀር ሞተር አስነሥቶ ይሄዳል።

"የማይንቀሳቀስ ሰው ሰነፍ ነው"

ይቺን ነው የማልወዳት። በ1953 እ.ኤ.አ. ጄሪ ሞሪስ የሚባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ፤ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን ያነጻጸረ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ትኬት ቆራጩ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። አንድ ከተማ፣ አንድ አውቶቡስ፣ ግን በልብ ሕመም የባሰ የተጠቁት ሾፌሮቹ ሆኑ። (በኋላ የዩኒፎርማቸው ልክ ሲታይ ሾፌሮቹ ገና ሲቀጠሩም ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር የደረጃው ሥራ ነው ማለት አይቻልም።) ትኬት ቆራጩ ግን ስፖርት ልሥራ ብሎ አላሰበም። ሥራው ነው ያስኬደው።

"10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም"

ቁጥሩ የመጣው ከሐኪም አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ከዋለ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው፤ ስሙ ራሱ "የ10,000 እርምጃ መለኪያ" እንደማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ድሮ አሥር አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሆነ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ያ ቀርቷል። እስከ ታክሲ ተራ ፈጠን ብለው የሄዱበት አምስት ደቂቃም ይቆጠራል።

"በመኪና ጭስ መሀል ከመሄድ ቤት መዋል ይሻላል"

ጭሱ እውነት ነው፤ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ሲያቃስት የሚተፋውን የምናውቀው ነው። ግን ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ሲባል አየሩ ይሻላል። በር ዘግቶ ከሰል ላይ ቡና የሚያፈላ ሰው ደግሞ ከጭስ አላመለጠም።

"ደረጃው ራሱ ስፖርት ነው"

ለእኔ አዎ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እማማ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ድሮ ግቢ ቤት ሳሉ ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲገቡ ይውሉ ነበር፤ ቡና ጠጡ ይባላሉ፣ ሱቅ ብቅ ይላሉ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ማንም እንቅስቃሴ ብሎ አይጠራውም እንጂ እንቅስቃሴ ነበር። እዚህ ከመጡ ወዲህ የሚወርዱት እሑድን ብቻ ነው። ሽንኩርት ሲፈልጉ ዘንቢሉን በገመድ ያወርዱታል፣ የሱቁ ልጅ ሞልቶ ይሰድላቸዋል።

"መናፈሻና የእግረኛ መንገድ ጌጥ ነው"

ጎህ ሲቀድ መስቀል አደባባይ ሄዳችሁ ደረጃው ላይ የሚሮጠውን ሕዝብ እዩት። ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ በተሠራበት ሰፈርም ማታ ማታ ልጅ ይዞ የሚንሸራሸረው ብዙ ነው። ቦታ ሲገኝ ሰው ይወጣል።

አንድ ቀን እማማን "ለምን ወረድ ብለው ፀሐይ አይሞቁም?" አልኳቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው በመስኮት ቁልቁል አሳዩኝ። ግቢያችን ዳር እስከ ዳር መኪና ቆሞበታል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳን የለውም።

"ወርጄ የት ልቀመጥ ልጄ?"