ሰንጢ ስትገዙ አትሸወዱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ገበያ ሰንጢ የሚገዛ ሰው አስተውሉ። መጀመሪያ መዳፉ ላይ አድርጎ ይመዝነዋል። ከበድ ካለው "ብረት ማለት ይሄ ነው" ይላል። ከዚያ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርጋል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ሲከፈት እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ማጠፊያው ላይ ምን እንዳለ የሚያይ ግን እምብዛም የለም።

የማወራው በየቀኑ ኪስ ውስጥ ስለሚያዝና ጠንከር ያለ ሥራ ስለሚችል ታጣፊ ቢላ ነው። ሲባጎ ለሚቆርጥ፣ ጆንያ ለሚቀድ፣ የጭነት መኪና ሸራ የታሰረበትን ገመድ ለሚበጥስ፣ ከመነዳሪ ለሚሸነሽን ሰው። በግ ለማረድማ ካራ አለ።

"ከባድና ወፍራም ከሆነ ጠንካራ ነው"

አይደለም። ክብደቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእጀታው ነው። እጀታው ውስጥ ወፍራም ላሜራ ወይም ናስ ከገባበት ሰንጢው ይከብዳል፣ ቢላው ግን የማንም ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ውፍረቱም እንዲሁ ነው። ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰንጢ ድንች ላይ ሞክሩት፣ ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቀዋል። ካርቶን ላይ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቀረቀራል፤ እናንተም ስትገፉት ጉልበታችሁ በዛና አመለጣችሁ ማለት ነው። ለአብዛኛው ሥራ ጀርባው ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፣ ዋናው ከጀርባው ወደ ስለቱ እየሳሳ መውረዱ ነው።

የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚባለው ሰንጢ እጀታው እንጨት ነው። ቢላው 8.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጠቅላላ ክብደቱ 60 ግራም እንኳ አይሞላም። የአሜሪካው በክ 110 ደግሞ 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሁለቱም ለአሥርተ ዓመታት ስማቸውን ይዘው የዘለቁ ናቸው፣ አንዱን በክብደቱ ብቻ ከሌላው ማስበለጥ አይቻልም። በዚያ ላይ ከባዱ ሰንጢ ሱሪ ይጎትታል። ከሳምንት በኋላ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፣ ቤት የቀረ ሰንጢ ደግሞ መንገድ ላይ ገመድ አይቆርጥም።

"መቆለፊያ ካለው ጣት ላይ አይታጠፍም"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጣት የሚያሳጣው ይሄ ነውና። ታጣፊ ቢላ መሃሉ ላይ መገጣጠሚያ አለው፣ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያው ነው። መቆለፊያውም ዓይነት በዓይነት ነው።

አንዳንዱ ጭራሽ መቆለፊያ የለውም። ትንንሾቹ ቀያይ የስዊስ ቢላዎች ክፍት ሆነው የሚቆሙት በጀርባቸው ባለ ሞላ ነው። ለብርቱካን፣ ለፖስታ፣ ለክር ግሩም ናቸው። ጫፋቸውን ወግተው ሲጎረጉሩባቸው ግን ተመልሰው ይታጠፋሉ። ኦፒኔል ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1955 አንገቱ ላይ በሚዞር ቀለበት ፈታው። ቀላል ነገር ነው፣ ይሠራል። ቀለበቱን ማዞር ከረሳችሁት ግን የለም ማለት ነው። እንደ በክ 110 ያሉት ደግሞ በእጀታው ጀርባ ላይ በሚጫን ዘንግ ይቆለፋሉ። ጠንካሮች ናቸው። ጠላታቸው ዘንጉ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ የሚሞላው የኪስ ብናኝና ጭቃ ነው፣ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ካልገባ የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ከእጀታው ውስጥ ላሜራ ወደ ጎን ወጥቶ የቢላውን ሥር ከኋላ የሚደግፍበትን ነው። ይሄን ከፍታችሁ በእጀታው ጀርባ በኩል አጮልቁ። ላሜራው የቢላውን ሥር ዳር ብቻ በጫፉ ነክቶ ከቆመ ገና በቅጡ አልተቀመጠም። አልፎ ወዲያኛው ጎን ከደረሰ ደግሞ ወይ ተበልቷል ወይ ድሮውንም ሲሠራ ልኩ አልነበረም። ከሥሩ ስፋት ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን የያዘውን ውሰዱ።

ከዚያ ክፈቱትና ቢላውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አነቃንቁት። ወደ ጎን ትንሽ ከተነቃነቀ የማጠፊያውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ጠበቅ ማድረግ ሊፈታው ይችላል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ግን መቆለፊያው ራሱ ነው፣ መልሱት። በመጨረሻ እጀታውን ከሁለቱ ጎን ያዙና፣ ጣታችሁ ቢላው በሚታጠፍበት መንገድ ላይ አለመኖሩን አይታችሁ፣ የቢላውን ጀርባ እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ከታጠፈ ሻጩ ምንም ይበል ምን አትግዙት። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው፣ ጣቱ የእናንተ ነው።

ይሄን ሁሉ ያለፈ ሰንጢም ቢሆን መፈልቀቂያ አይደለም። ሚስማር መንቀያም፣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን መክፈቻም፣ የባሕር ዛፍ መፍለጫም አይደለም። መቆለፊያው ድንገት ቢያዳልጣችሁ ጣታችሁን እንዲያተርፍ ነው እንጂ የቢላውን ጀርባ በድንጋይ እንድትቀጠቅጡ የተሠራ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠዋት ላይ ጣት አይታዘዝም። ያንን የጎን ላሜራ ገፍቶ ለማጠፍ አውራ ጣት የሚገባው ቢላው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። እና ሱቅ ውስጥ በሞቀ እጅ ተከፈተ ተብሎ አይገዛም። ጓንት አድርጋችሁ መክፈትና ማጠፍ ካቃታችሁ፣ ውጭ በደነዘዘ እጅም ያቅታችኋል።

"ማግኔት ከሳበው ስቴንለስ አይደለም"

ይሄ የመጣው ከማንኪያና ከምጣድ ነው። ብዙ ማንኪያና የዕቃ ማጠቢያ የሚሠራበት የማይዝግ ብረት ማግኔት አይስበውም፣ እውነት ነው። ያ ብረት ግን በእሳትና በመንከር አይጠነክርም፣ ስለዚህ ደህና ስለት አይይዝም። ለቢላ የሚሆነው የማይዝግ ብረት ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ብረት ነው ተብሎ የተሸጠላችሁ ቢላ ማግኔት ካልሳበው ያኔ ነው መጠራጠር።

"የማይዝግ ከተባለ አይዝግም"

ይዝጋል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ብረት የማይዝግ ለመባል ዝገት የሚከላከልለት ክሮሚየም ቢያንስ 10.5 በመቶ ያስፈልገዋል። ዲ2 የሚባለው በርካሽም በውድም ሰንጢ ላይ የሚገኘው ብረት 12 በመቶ ገደማ አለው፣ ግን ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ የክሮሚየሙን አንድ ድርሻ ይዞ ያስቀረዋል፣ እርጥበት ላይ ከተተወ ነጠብጣብ ያወጣል። ከደብረ ሲና ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ናችሁ። ሙቀቱ ያልባል፣ ኪስ ይረጥባል። ሎሚ ወይም ማንጎ የቆረጣችሁበትን ሰንጢ ሳትጠርጉ ካጠፋችሁት በማግሥቱ ታዩታላችሁ።

ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። የኑግ ዘይት ግን አደራ! ለወጥ ነው። ብረት ላይ ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ከዚያ ሰንጢው አልከፈት ብሎ ሰው "ዛገ" ይላል።

"ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል"

ሞረድ ከአብዛኛው ቢላ ይጠነክራል። መሬት ላይ ሲወድቅ ግን ቁራጭ በቁራጭ ሊሆን ይችላል። ቢላም እንደዚያው ነው፣ እጅግ ሲጠነክር ስለቱ ይሸራረፋል፣ ሲለሰልስ ደግሞ ይተኛል። ለሥራ ሰንጢ ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ከ56 እስከ 60 ያለው ጥሩ መሃል ነው፣ ደህና አምራች ከሆነ ይጽፈዋል። ቢላው ላይ "ስቴንለስ" ወይም "440" ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ብዙም አልነገራችሁም። 440 ኤ እና 440 ሲ የሚባሉት የብረት ዓይነቶች ካርቦናቸው ስለሚለያይ የስለት አያያዛቸውም አንድ አይደለም።

"የአገር ቤት ቀጥቃጭ የሠራው ቢላ ዋጋ የለውም"

በዚህ እናደዳለሁ። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላ በደንብ ከተሠራ ከብዙ ባለ አብረቅራቂ ሰንጢ ይበልጣል። ባሌስትራ ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ነው፣ ተግሎ ሲነከር ይጠነክራል፣ ቀጥሎ በቀስታ መለስ ብሎ ሲሞቅ ደግሞ መሰባበሩን ይተዋል። ችግሩ ከፌሮ ቁራጭ ተሠርቶ "ባሌስትራ ነው" ተብሎ ሲሸጥ ነው፣ ተራ ፌሮ ለቢላ የሚበቃ ካርቦን የለውም። ለመለየት ስለቱ አጠገብ ሞረድ ሳብ አድርጉበት። ከተንሸራተተ በደንብ ጠንክሯል፣ እንደ ሳሙና ከተፋቀ ተዉት። የማይታጠፍ ስለሆነ ኪስ አይገባም እንጂ፣ ቅድም ለሰንጢ አይሆንም ላልኩት የመፍለጥና የመፈልቀቅ ሥራ የሚቀርበው ይሄኛው ነው።

"ደነዝ ቢላ አያቆስልም፣ ከሳላችሁትም በግራይንደር ነው"

ሁለቱም ስህተት። ደነዝ ቢላ ጉልበት ያስጨምራል፣ ጉልበት የበዛበት እጅ ያመልጣል። ግራይንደር ደግሞ ስለቱን ያቃጥለዋል። ጫፉ ሰማያዊ መሰለ ማለት ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው። ያ ክፍል ተፍቆ እስካልወጣ ድረስ የቱንም ያህል ብትስሉት ስለት አያድርም።

የመሳያ ድንጋይ ከሌላችሁ የቡና ሲኒ ገልብጡ። ቂጡ ላይ ያልተለበጠ ሻካራ ክብ አለ። ውሃ አርከፍክፉበትና ስለቱን ወደ ፊት እየገፋችሁ ሳሉ። ዘንበል የሚልበትን ልክ ለማወቅ የወረቀት ማዕዘን አንዴ እጠፉ፣ 45 ዲግሪ ሆነ። ደግማችሁ እጠፉት፣ 22 ተኩል ነው፣ ለሥራ ሰንጢ የምትፈልጉት እሱን አካባቢ ነው። ከአንድ ወገን ስትስሉ በሌላው ወገን በጣት የሚሰማ ሻካራ ነገር ሲወጣ ገልብጡት። በጣም ለደነዘዘ ቢላ ሲኒ አይበቃም፣ የብርጭቆ ወረቀት ጣውላ ላይ ለጥፋችሁ ጀምሩ።

ባለ ጥርሱ ሰንጢ ለገመድ አንደኛ ነው፣ ግን በዚህ መንገድ አይሳልም። እሱ ባይኖራችሁም ብዙ አይጎድልባችሁም።

"ኪሴ ውስጥ ካለ ይጠብቀኛል፣ የትም ይዤው እገባለሁ"

ሰንጢ የሥራ ዕቃ ነው። ጠብ ላይ የወጣ ሰንጢ ነገሩን ከማብረድ ይልቅ ያባብሰዋል፣ እጀታው ላይ የጣት ማገጃ ከሌለው ደግሞ መጀመሪያ የሚቆርጠው የያዘውን እጅ ነው። ፍተሻ ባለበት ቦታ፣ በተለይ ሰው በሚበዛበት በዓልና ስብሰባ፣ ቤት አስቀምጡት። መንገድ ላይ ፍተሻ ከገጠማችሁ ከመነካታችሁ በፊት "ሰንጢ አለኝ" በሉ እንጂ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱ። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ በእጅ የሚያዝ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ አድርጉት።