የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ያተረፈው ቅርስ

የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የተደረሰ፣ በክፍሎች የተከፈለ ረጅም ሙዚቃ) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1824 በቪየና ነው። ደራሲው መስማት ስለተሳነው ኦርኬስትራውን የመራው ሚካኤል ኡምላውፍ ነበር። የሕዝቡን ጭብጨባ ማየት እንዲችል ቤትሆቨንን ወደ አዳራሹ ያዞረችው ወጣቷ ዘፋኝ ካሮሊኔ ኡንገር እንደነበረች ይተረካል።

ከዚያ በፊት በሲምፎኒ ውስጥ የሰው ድምፅ ማስገባት ያልተለመደ ነበር። እዚህ ግን በአራተኛው ክፍል አንድ ዘፋኝ ተነሥቶ «ወዳጆች ሆይ፣ እነዚህ ድምፆች ይቅሩ!» ይላል፤ ቃሉ የቤትሆቨን የራሱ ነው። ከዚያ መዘምራኑ የጀርመናዊውን ገጣሚ የፍሪድሪክ ሺለርን «ለደስታ» የተሰኘ የ1785 ግጥም ይቀበላሉ፦ «የሰው ልጆች ሁሉ ወንድማማቾች ይሆናሉ።» ዜማው ግን ቀደም ብሎ፣ ያለ አጃቢ፣ በዝቅተኛዎቹ ባለአውታር መሣሪያዎች በለሆሳስ ተሰምቷል። ከአምስት ተከታታይ ድምፆች እምብዛም ስለማይወጣ ያልሠለጠነ ሰውም በቀላሉ ይዘምረዋል። ሲምፎኒው ከሙዚቃ አዳራሽ ወጥቶ ዓለምን እንዲዞር ያደረገው፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ለዚህም ይመስላል ማንም የወሰደው። በ1942 ለሂትለር የልደት በዓል ዋዜማ በርሊን ውስጥ ተጫወቱት። በ1974 ደግሞ የሮዴዢያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) አናሳ ነጮች መንግሥት ዜማውን ብሔራዊ መዝሙር አደረገው፤ ጥቁሩን ሕዝብ ከመብቱ ያገለለ አገዛዝ የወንድማማችነትን መዝሙር መያዙ ዛሬም ያስቆጣል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የጃፓኑ ታሪክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቻይና ውስጥ ቺንግዳኦ ላይ በጃፓን የተማረኩ የጀርመን ወታደሮች ጃፓን ውስጥ ቶኩሺማ አጠገብ በሚገኘው የባንዶ ካምፕ ታስረው ነበር። ጁን 1 ቀን 1918 ሲምፎኒውን ሙሉውን አቀረቡት። በካምፑ ሴት ስላልነበረ የሴቶቹን ድምፅ ለወንዶች አስተካክለው ዘመሩት። ዛሬ ጃፓናውያን በየታኅሣሡ መጨረሻ ዘጠነኛውን መስማት የዓመት መዝጊያ ልማድ አድርገውታል። ኦሳካ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ በአሥር ሺህ ሰዎች ይዘመራል፤ አብዛኞቹም የጀርመንኛውን ግጥም በቃላቸው ያጠኑ ተራ ሰዎች ናቸው።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት የ1960ው የሮም ኦሎምፒክ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን በአንድ ቡድን ስለተሰለፉ ለወርቅ ተሸላሚዎቻቸው የተሰማው ይኸው ዜማ ነበር። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1972፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ (የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት) መሪዎችም በ1985 መዝሙራቸው አድርገው ተቀበሉት፤ አንዱ ቋንቋ ከሌላው እንዳይበልጥ ግጥሙን ትተው ዜማውን ብቻ ያዙ። ምክንያቱ ይገባል፤ ሆኖም ትልቁ የወንድማማችነት ቃል አብሮ መቅረቱ ያሳዝናል።

የበርሊን ግንብ በፈረሰበት ዓመት፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1989፣ አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪ ሌናርድ በርንስታይን በምሥራቅ በርሊን ሲምፎኒውን ሲመራ በግጥሙ ውስጥ «ደስታ» የሚለውን ቃል «ነፃነት» ብለው እንዲዘምሩት አደረገ። የሲምፎኒው የእጅ ጽሑፍም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሁለቱ በርሊኖች ተከፋፍሎ የቆየ ሲሆን፣ ከውሕደቱ በኋላ እንደገና ተገናኝቶ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም የመዛግብት ቅርስነት ተመዝግቧል።